የቤት ጽዳት በወቅት አቆጣጠር፦ ለጅግጅጋና ለሰሜን ሶማሌ ክልል ከተሞች ቤተሰቦች

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በጅግጅጋ ሰፈሮች ምንጣፍ ይወጣል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ የመጅሊስ ፍራሽና ትራስ አጥር ላይ ይሰጣል። ዒድ ሲደርስም ይደገማል። የተከበረውን ወር ቤት አጽድቶ መቀበል ደስ የሚያሰኝ ልማድ ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት የዓመቱ ትልቅ ጽዳት በእነዚህ አጋጣሚዎች ተጀምሮ በእነሱ ያልቃል።

የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። በ2008 ዓ.ም. ረመዳን የገባው በግንቦት መጨረሻ ነበር። በ2018 ዓ.ም. የገባው በየካቲት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ኢንሻአላህ በታኅሣሥ ብርድ እንጾማለን። ዝናቡ፣ አቧራው፣ ትንኙና ዝንቡ ግን ከጨረቃ ጋር አይዞሩም፤ በየዓመቱ በዚያው በለመዱት ወር ይመጣሉ። ጽዳቱን ለዒድ ብቻ የተወ ቤት አንዳንድ ዓመት ሳያስበው ከዝናብ በፊት ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ሌላ ዓመት ደግሞ ዝናቡ ደርሶበት ይቸገራል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የቤት ጽዳትን በሦስት መቁጠሪያ ከፍሎ ያቀርባል፦ በየሳምንቱ ከጁሙዓ ጋር፣ በየወቅቱ ከዝናብና ከድርቅ ጋር፣ በየዓመቱ ከረመዳንና ከሁለቱ ዒዶች ጋር። ጊዜም አቅምም ያነሰው ሰው ከሦስቱ የመጀመሪያውን ይያዝ። ምክንያቱን ወደታች እናየዋለን።

የአካባቢያችን ወቅቶች

በሶማሌ ክልል የደቡቡ ዞኖች ሁለቱ ዋና ዝናቦች ጉ እና ዴይር ናቸው። ሰሜኑ ማለትም የፋፈን ዞን (የቀድሞው ጅግጅጋ ዞን) እና የሲቲ ዞን (የቀድሞው ሽኒሌ ዞን) የራሱ አቆጣጠር አለው። የወቅቶቹ መግቢያና መውጫ ከዓመት ዓመት ሊቀያየር ቢችልም በጥቅሉ እንደሚከተለው ነው።

ጂላል፦ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አጋማሽ። ረጅሙ ደረቅ ወቅት ነው። ውኃ ይጠፋል፣ ይወደዳል።

ዲራዕ፦ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት። የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ጉ ብለው የሚጠሩትም አሉ።

ሐጋ፦ ሰኔና የሐምሌ መጀመሪያ። በሁለቱ ዝናቦች መካከል ያለ የነፋስና የአቧራ ጊዜ ነው።

ከረን፦ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም። ሁለተኛው ዝናብ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር መሬቱ የሚደርቅበት፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው።

ሁሉም ከተማ አንድ ዓይነት አይደለም። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ብርድ ነው። ሽኒሌ፣ ኤረር፣ ደወሌና አይሻ ግን ቆላ ናቸው። በሐርሺንና በአካባቢው ደግሞ ሕዝቡ የዝናብ ውኃ በሚያጠራቅምበት በቢርካ ላይ የተመሠረተ ኑሮ ይኖራል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከታች ያለውን ዕቅድ ለራሱ ከተማ እንዲስማማ አንድ ሁለት ሳምንት ወደፊት ወይም ወደኋላ ማድረግ ይችላል።

በየሳምንቱ፦ የበርሜል ቀን

በእኛ አካባቢ ውኃ ከቧንቧ በየቀኑ አይመጣም። ከቦቴ፣ ከአህያ ጋሪ፣ በፈረቃ ከሚለቀቅ መስመር ወይም ከቢርካ ይቀዳል፤ ከዚያ በበርሜል፣ በጄሪካንና በሮቶ ይጠራቀማል። ያጠራቀምነው ውኃ ግን ለእኛ ብቻ አይደለም የሚመቸው።

አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለ የወባ ትንኝ ከእስያ የመጣ ነው። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ሲሆን በኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ በክልላችን በቀብሪ ደሃር ተገኘ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ቅኝቶች ጅግጅጋንና ድሬዳዋን ጨምሮ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በርካታ ከተሞች መኖሩ ታውቋል። የለመድነው የወባ ትንኝ በረግረግና በኩሬ ይራባል፤ ይህኛው ግን በከተማ፣ በሰው ቤት፣ በበርሜልና በግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይፈለፈላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያ አምስት ወራት በጎረቤታችን በድሬዳዋ ከ2 ሺህ በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ቁጥሩ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነበር። ተመራማሪዎችም ወረርሽኙን ከዚህ ትንኝ ጋር አያይዘውታል።

ሌላው ኤደስ ኤጂፕቲ የሚባለው ትንኝ ነው። የሚናከሰው በቀን ሲሆን የዴንጊ ትኩሳትንና ቺኩንጉንያን ያስተላልፋል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 በዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ በቺኩንጉንያ ተመትታለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሰውን ሰውና ዕቃ የሚያውቅ፣ በሽታው መንገዱን እንደማይስት ይረዳል።

የእነዚህ ትንኞች ዕድሜ ለጽዳት ዕቅዳችን ቁልፍ ነው። ከእንቁላል ተነሥተው የሚበሩ ትንኞች እስኪሆኑ ድረስ በሞቃት አየር ከሰባት እስከ አሥር ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል። በርሜሉ በየሰባት ቀኑ ከታጠበ እጩ ክንፍ ሳያወጣ ይጠፋል። በየሁለት ሳምንቱ ከታጠበ ግን በመካከሉ አንድ ትውልድ ይበራል። አላህ (ሱ.ወ) ጁሙዓን በየሰባት ቀኑ የምትመለስ የትጥበትና የንጽሕና ቀን አድርጎልናል። ገላችንን ለሶላት በምንታጠብባት ቀን፣ ወይም በዋዜማዋ ሐሙስ፣ በርሜሉንም ብናጥብ ቀኑን ማንም አይረሳውም።

አጠባቡ እንዲህ ነው፦

አንደኛ፣ ውኃ የሚቀዳበትን ቀን ከማጠቢያው ቀን ጋር አገናኙ። በርሜሉ ሊያልቅ ሲቃረብ እንጂ ሞልቶ ሳለ ማጠብ ውኃ ማባከን ነው። የቀረውን ወደ ንጹሕ ጄሪካን ገልብጡ።

ሁለተኛ፣ ውኃው ውስጥ የሚወራጭ እጭ ካያችሁ ወደ ቱቦ አትድፉት፤ በደረቅ መሬት ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው ቦታ ይፍሰስ። እጭ ከደረቀ ይሞታል።

ሦስተኛ፣ የበርሜሉን የውስጥ ግድግዳ በብሩሽና በሳሙና ፈትጉ። የኤደስ ትንኝ እንቁላል ውኃው ላይ አይንሳፈፍም። ከውኃው ወለል ከፍ ብሎ በግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ደርቆም ለወራት ሊቆይ ይችላል። በርሜሉን ገልብጦ ብቻ መልሶ መሙላት እንቁላሉን ማጠጣት ማለት ነው። ለማጠብና ለማለቅለቅ ሁለት ጄሪካን ውኃ ይበቃል።

አራተኛ፣ በጥቂት በረኪና በተበጠበጠ ውኃ ውስጡን አዳርሱ፤ ግማሽ ሰዓት አቆይታችሁ አለቅልቁ።

አምስተኛ፣ ከሞላችሁ በኋላ ክፍተት በሌለው ክዳን ክደኑ። ክዳኑ የተጣመመ ከሆነ በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ ዙሪያውን በገመድ እሰሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሌሊት የዕቃ አፍ እንዲከደንና የውኃ አቁማዳ እንዲታሰር ማዘዛቸው በጃቢር (ረ.ዐ) ተዘግቦ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ክዳን መግጠም ቀላል ሥራ ቢመስልም ሱና ነው፤ በእኛ ከተማ ደግሞ መድኃኒትም ነው።

ሮቶ በየሳምንቱ አይታጠብም። የላይኛው ክዳኑ መግጠሙንና የትርፍ ውኃ መውጫ ቱቦው በወንፊት መሸፈኑን በየሳምንቱ ማየት፣ በየወቅቱ መግቢያ ደግሞ ማጠብ ይበቃል። በግቢ የተጣለ የመኪና ጎማ፣ የተሰበረ ባልዲ፣ የዶሮ ውኃ ማጠጫና የአበባ ዕቃም በዚያው ቀን ይታይ።

በርሜሉና ጦሃራ

በክልላችን በስፋት የሚታወቀው የሻፊዒ መዝሀብ ነው። በዚህ መዝሀብ የውኃ መጠን ከሁለት ቁላ (ቁለተይን) በታች ከሆነ ነጃሳ ሲገባበት ሦስቱ ባሕርያቱ ማለትም ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ባይለወጡም ይነጀሳል። ሁለት ቁላ የሞላ ውኃ ግን ካልተለወጠ በቀር አይነጀስም። የዘመናችን ሊቃውንት ሁለት ቁላን በሊትር ሲገምቱት ከ190 እስከ 216 አካባቢ ያደርሱታል።

የተለመደው የብረት በርሜል 200 ሊትር ገደማ ይይዛል። እንግዲህ ሞልቶ እንኳ በወሰኑ ላይ ነው ያለው። ግማሽ ሲደርስ ያለ ጥርጥር ከሁለት ቁላ በታች ነው። ሽንት የነካው የሕፃን እጅ ወይም ወለል ላይ ተቀምጦ የነበረ ጆግ ቢገባበት የቤተሰቡ ዉዱእ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለበርሜሉ ብቻ የሚያገለግል፣ እጀታው ረጅም የሆነ መቅጃ ይመደብ፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ወለል ላይ አይቀመጥ። ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዕቃ ውስጥ እንዳይከት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መከልከላቸውንም ለልጆች እናስተምር።

ብዙዎች የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ አለ፦ እንደ ውኃ አጋር ያለ ክሎሪን የተጨመረበት ውኃ ለዉዱእ ይሆናል ወይ? ንጹሕ ነገር ጥቂት ገብቶበት ውኃ የሚለውን ስሙን ያላሳጣው ውኃ አጥሪነቱ አይጠፋም። ለመጠጥ የሚጨመረው ክሎሪን በጣም ጥቂት ነው፤ ቀላል ሽታ ቢኖረው አይጎዳም። መጠኑን በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው አድርጋችሁ ከመጠጣታችሁ በፊት 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ጂላል፦ ውኃ የሚቆጠብበት ጽዳት

በጂላል ብዙ ማጠብ አይቻልም። ስለዚህ የዚህ ወቅት ጽዳት በፀሐይ፣ በመጥረጊያና በእርጥብ ጨርቅ ይሠራል።

ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና የመጅሊስ ትራስ ከረፋድ እስከ ዐሱር ፀሐይ ላይ ይውሉ፤ በየመካከሉ ይገልበጡ። የፍራሹ ስፌትና የአልጋው መገጣጠሚያ በደንብ ይታይ፤ ትኋን የሚደበቀው እዚያ ነው። አቧራ በደረቅ መጥረጊያ ሲነሣ ተመልሶ ዕቃው ላይ ያርፋል፤ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ያሳምማል። ወለሉን ትንሽ ውኃ ረጭቶ መጥረግ፣ ዕቃውን እርጥብ በሆነ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። ምንጊዜም ከላይ ወደ ታች፦ መጀመሪያ ጣሪያና መብራት፣ ከዚያ መደርደሪያና መስኮት፣ መጨረሻ ወለል።

አቧራ ነጃሳ አለመሆኑን ማስታወስ ብዙ ውኃ ያድናል። አቧራ ያረፈበት ስጋጃ ተራግፎ ይሰገድበታል። ውኃ የግድ የሚያስፈልገው ሽንት፣ ደምና የመሳሰለው ነጃሳ ሲነካው ነው። ያኔም በመጀመሪያ የነጃሳውን አካል በጨርቅ አንሥቶ፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ ቦታው ላይ ማፍሰስ በቂ ነው። ክፍሉን በሙሉ ማጠብ ወስዋስ እንጂ ዲን አይደለም።

የዉዱእ ውኃንም አትድፉ። ሳፋ አስቀምጣችሁ አጠራቅሙት። በሻፊዒ መዝሀብ ለፈርድ ዉዱእ አንድ ጊዜ ያገለገለ ውኃ ራሱ ንጹሕ ነው፤ ግን ዳግመኛ ለዉዱእ ወይም ነጃሳን ለማንጻት አይውልም። ስለዚህ አቧራ ያለበትን ወለል ለመወልወል፣ ግቢ ለመርጨት፣ ሽንት ቤት ላይ ለማፍሰስና ችግኝ ለማጠጣት ተጠቀሙበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) ዘግበዋል፤ ሙድ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። በውኃ እጥረት የሚኖር ሰው ይህንን ሱና ከሌላው ሰው ይልቅ በተግባር ያውቀዋል።

ለጅግጅጋ ብርድ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የከሰል ማንደጃ በተዘጋ መኝታ ክፍል ውስጥ ማሳደር ይገድላል። ኡንሲም ሲጨስ መስኮቱ ይከፈት፤ ማጨሻውም ከመኝታ በፊት ከክፍሉ ይውጣ። የእሳቱ አመድ ከቀዘቀዘ በኋላ ጥቀርሻ ያለበትን ድስት ለመፈተግ ያገለግላል።

ዲራዕ፦ ከመጀመሪያው ጠብታ በፊት

ይህ የዓመቱ ትልቁ የውጭ ጽዳት ነው። ጊዜው የካቲት መጨረሻና መጋቢት መጀመሪያ ነው፤ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ አይሆንም።

ጣሪያ፦ በቆርቆሮው ላይ የሦስት ወር አቧራና የወፍ ኩስ አለ። አሸንዳውንና ወደ በርሜል የሚወርደውን ቱቦ ጥረጉ። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይውረድ፤ አታጠራቅሙት። ከዚያ በኋላ ያለውን ያዙ።

ቱቦና ቦይ፦ ከደጃፋችሁ የሚያልፈውን ቦይ ከፌስታልና ከጫት ገራባ አጽዱ። በ2008 ዓ.ም. በዲራዕ መግቢያ ላይ በጅግጅጋ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። የጎርፉ ምንጭ ከቦይ በላይ ቢሆንም የተዘጋ ቦይ ውኃን ወደ ቤት ይመልሳል፤ ሳይሄድ የቀረውም የትንኝ ቤት ይሆናል። አንድ ቤት ብቻውን ቦይ ማጽዳት አይችልም፤ የላይኛው ጎረቤት ቆሻሻ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ስለዚህ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የመንደሩ ወንዶች አንድ ቀን ቢወጡ ሥራው በሁለት ሰዓት ያልቃል። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነው።

ቢርካ፦ ሊደርቅ ሲቃረብ ደለሉ ይውጣ፣ የተሰነጠቀው ሲሚንቶ ይለሰን፣ የውኃ መግቢያው በወንፊት ይሸፈን፣ ከብት እንዳይጠጋ ይታጠር።

ሽንት ቤት፦ ጉድጓዱ ሞልቶ እንደሆነ በደረቁ ወቅት ይመጠጥ። በዝናብ የሚፈስ ሽንት ቤት የመንደሩን ውኃ ያበላሻል። በ2009 ዓ.ም. ክልላችንን ክፉኛ የመታውን አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) የሚያስታውስ ሰው ይህንን ቸል አይለውም።

ዝናቡ ከጀመረ በኋላ በር ላይ ጆንያና የጫማ መፍቂያ ብረት አኑሩ። በጭቃ መንገድ የሄደ ሰው ልብሱን የነካው ጭቃ ነጃሳ መሆኑን በእርግጠኝነት ካላወቀ ንጹሕ ነው፤ ለመጠንቀቅ የሚያስቸግረውም ይቅር የተባለ ነው። ጭቃው ይድረቅና ይራገፍ፤ እርጥቡን ማሸት ቆሻሻውን ማስፋት ነው።

ሐጋ፦ የነፋሱ ጊዜ

ከአይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማዎች አጠገብ ያለፈ ሰው የዚህን አካባቢ ነፋስ ጉልበት ያውቃል። በሰኔ ነፋሱ አቧራውን ከሜዳ አንሥቶ በመስኮት ያስገባል። በዚህ ወቅት ትልቅ መጋረጃ ማጠብ ከንቱ ድካም ነው፤ በሳምንቱ ይቆሽሻል። መጋረጃውን አራግፋችሁ ለከረን መውጫ አቆዩት። ይልቁንስ የመስኮትና የበር ክፍተቶችን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ድፈኑ፤ እህልና ዱቄት ክዳን ባለው ዕቃ ይግባ፤ ቁርኣንና ኪታቦች በጨርቅ ተሸፍነው ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጡ። በየሁለት ሳምንቱም መደርደሪያውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አብሱ።

ሐጋ ለከረን መዘጋጃም ነው። አጎበር በቀላል ሳሙና በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይስጣ። በረኪና ወይም ጠንካራ ፀሐይ ከነካው መድኃኒቱን ያጣል። የተቀደደው ይሰፋ። የጤና ባለሙያዎች የግድግዳ ርጭት ካደረጉ፣ ግድግዳውን የምታጥቡት ወይም የምትቀቡት ከርጭቱ በፊት ይሁን፤ ከርጭቱ በኋላ ለወራት አትንኩት።

ከረን፦ የትንኝና የዝንብ ወቅት

በከረን የበርሜሉ ቀን አንድም ሳምንት መዘለል የለበትም። የድሬዳዋው የ2019 ቺኩንጉንያ የተስፋፋው በዚሁ ወቅት ነበር። ዝናብ በቆመ ማግስት ግቢውን መዞር የልጆች ሥራ ሊሆን ይችላል፦ ውኃ ያቆረ ነገር ሁሉ ይገልበጥ።

መምህር በነበርኩበት ጊዜ፣ ትምህርት በተከፈተባቸው በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ስም ስጠራ ሞሞ ያለ ክፍል አልገጠመኝም። የቀሩት ልጆች ወላጆች ሲጠየቁ መልሱ ብዙውን ጊዜ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ነበር። ሁለቱም ከቤት ደጃፍ የሚጀምሩ ናቸው።

የወተት ዕቃም በዚህ ወቅት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግጦሽ ሲበዛ የግመልና የፍየል ወተት ይበዛል፤ ዝንቡም አብሮ ይበዛል። አርብቶ አደሩ ዕቃውን በወይራ እንጨት ጭስ ማጠኑ ጥንታዊ ጥበብ ነው። በከተማ የምንጠቀምበት ቢጫ ጄሪካን ግን አይታጠንም፤ በጠባብ አፉም እጅ አይገባም። ለወተት አፈ ሰፊ ዕቃ ይሻላል፤ በፈላ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ተደፍቶ ይድረቅ። ወተቱም ይፈላ።

ልጁ ድንገት ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ከዓይን ጀርባ ሕመም ወይም የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከጀመረው በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ዴንጊ ሊሆን ስለሚችል አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ፤ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ።

ጥቅምትና ኅዳር፦ የታጠበው የሚደርቅበት ጊዜ

ቢርካውና ሮቶው ውኃ አላቸው፤ ሰማዩም ጠርቷል። ለከባድ እጥበት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ብርድ ልብስና ወፍራም ልብስ ሁሉ አሁን ይታጠብ። በከረን እርጥበት ሻጋታ የያዘውን ግድግዳ ፍቃችሁ በበረኪና ውኃ አብሱ፤ ከደረቀ በኋላ ኖራ ወይም ቀለም ቀቡት። የማይለበሰው ልብስ ተለይቶ፣ ታጥቦና ተሰፍቶ ብርዱ ሳይገባ በሶደቃ ይሰጥ። የተቀደደና የቆሸሸ ልብስ ለድሃ መስጠት ቤትን ማራገፍ እንጂ ሶደቃ አይባልም።

ረመዳንና ዒድ በዕቅዱ ውስጥ

በየወቅቱ የሠራ ቤት ለረመዳን የሚቀረው ጥቂት ነው። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን በጂላል መጨረሻ ላይ ስለሚውል የረመዳን ጽዳት የውኃ ቆጣቢ ጽዳት ነው፤ ትልቁ እጥበት በኅዳር ተሠርቷል። ለረመዳን ማድቤቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የሶላት ቦታውንና የእንግዳ ክፍሉን ማዘጋጀት ይበቃል። ሥራው በሸዕባን ይለቅ። የመጨረሻዎቹን አሥር ቀናት መጋረጃ በማጠብ የምታሳልፍ እህት ለይለተል ቀድርን በድካም እንቅልፍ ታሳልፋለች፤ ኪሳራው የእርሷ ብቻ ሳይሆን ሥራውን ለእርሷ የተወው ቤተሰብም ነው።

ዒድ አል-አድሓ ደግሞ በእነዚህ ዓመታት በግንቦት፣ በዲራዕ ማብቂያ ይውላል። ኡድሒያ በግቢ የሚያርድ ሰው ጉድጓዱን በዋዜማው ይቆፍር፤ ከቢርካና ከጉድጓድ ውኃ ይራቅ። ጅብና ውሻ እንዳያወጣው ጥልቅ ይሁን። ደሙና ፈርሱ ወዲያው ይቀበር፤ በላዩ አመድ ወይም ኖራ ይነስነስ። ፈሳሽ ደም ነጃሳ ስለሆነ የታረደበት ቦታ በንጹሕ ውኃ ይፍሰስበት። በዝናብ ወቅት ሜዳ ላይ የተጣለ አንጀት በአንድ ቀን የሰፈሩን ዝንብ ይጠራል።

የረመዳን ጊዜ ወደ ታኅሣሥና ወደ ኅዳር ሲሸሽ የረመዳኑ ጽዳትና የኅዳሩ ትልቅ እጥበት ይገናኛሉ። ያኔ ደግሞ ከዲራዕ በፊት ያለው የጣሪያና የቦይ ጽዳት ረመዳንንና ዒድ አል-ፊጥርን ተጠግቶ አይመጣም። የሚያስታውሰን ወቅቱ ይሆናል። ከአሁኑ መልመድ ያኔ ከመዘናጋት ያድናል።

ማን ይሥራው?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንዲት እናት ወይም በአንዲት ሠራተኛ ጫንቃ ላይ ከወደቀ አይሠራም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ሲሆኑ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበርና የሶላት ጊዜ ሲደርስ እንደሚወጡ መናገራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። በርሜል መገልበጥ፣ ጣሪያ መውጣት፣ ቦይ ማጽዳትና ጉድጓድ መቆፈር ጉልበት የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው፤ የአባትና የጎረምሶች ድርሻ ይሁኑ። ትልልቅ ልጆች መደርደሪያና መስኮት፣ ትንንሾቹ ግቢ ዞሮ ውኃ የያዘ ዕቃ መፈለግ ይችላሉ።

የጽዳት ኬሚካልን ግን ለልጅ አትስጡ። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከአሞንያ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ልጅ መጠጥ መስሎት ይጠጣዋል።

የዓመቱ ዕቅድ በአጭሩ

በየጁሙዓው ወይም በየሐሙሱ፦ በርሜል መፈተግና መክደን፣ ግቢ መዞር።

ታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ ፍራሽ ፀሐይ ማሞቅ፣ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ የዉዱእ ውኃ ማጠራቀም።

የካቲት መጨረሻና መጋቢት፦ ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ቦይ፣ ቢርካ፣ ሽንት ቤት።

ሰኔ፦ ክፍተት መድፈን፣ እህልና ኪታብ መሸፈን፣ አጎበር ማጠብና መስፋት።

ሐምሌ እስከ መስከረም፦ የቆመ ውኃ ማስወገድ፣ የወተትና የምግብ ዕቃ ጥንቃቄ።

ጥቅምትና ኅዳር፦ ትልቁ እጥበት፣ ሻጋታ ማጽዳት፣ ልብስ መለየት።

ሸዕባን፦ ማድቤትና የሶላት ቦታ። ዙልሒጃ፦ የኡድሒያ ጉድጓድ።

ይህንን በወረቀት ጽፋችሁ በማድቤቱ በር ላይ ለጥፉ፤ የተሠራውን እያየ ምልክት የሚያደርግ አንድ ልጅ መድቡ። ሁሉንም በአንድ ዓመት ማሟላት ካልተቻለ በመጪው ሐሙስ በበርሜሉ ጀምሩ። አላህ የሚጸጸቱትንና የሚጥራሩትን እንደሚወድ በሱረቱል በቀራህ ነግሮናል፤ ከእነርሱ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።